ጥይት የማይመታው ሰው

«ያጥናዎት፣ እማማ አሰፋሽ» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጥሩሰው፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ። ማን እንደሚያጥናት አልተናገረም፤ የፓርቲ አባል ነውና የእግዜርን ስም አይጠራም። «ድንገተኛ አደጋ ነው። ምን ይደረጋል!»

አሰፋሽ ቀና ብላም አላየችው። አንድ ልጇን ሣህሌን ደረቱን በጥይት ተመትቶ ቀብራዋለች፤ አደጋ ነው ባዩ ደግሞ ድንኳኗ ውስጥ ተቀምጦ ሻይዋን ይጠጣል። አይ ድፍረት! ሄደ ሲሉት ይመለሳል። ለቅሶ ደራሹም እሱን ሲያይ ስለ አዋሽ ሙቀት ያወራል። እሷም እሱ እያየ ላታለቅስ ምላለች።

ሣህሌ ባቡር ጣቢያው ትኬት ቆራጭ ነበር። ፈረንሳይኛ ከምድር ባቡር ሰዎች ጋር ሲውል ነው የለመደው። ከጅቡቲ የመጣ ሾፌር አንድ ፊልም ይዞ መጥቶ በሠራተኞች ክበብ አንሶላ ተወጥሮ ሲታይ፣ አንሶላው አጠገብ ቆሞ ለሕዝቡ የሚተረጉመው እሱ ነበር።

«ለመሆኑ ያ የፊልሙ ሰውዬ ምን ያደርጋል?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ይበራል፣ እማዬ። የሚሮጥ ባቡር በእጁ ያቆማል። ሲተኩሱበት ጥይቱ ደረቱ ላይ ነጥሮ ይመለሳል።»

«በስመ አብ! በማን ኃይል?»

«በራሱ።»

ይሄ አልጣማትም። የንስሐ አባታቸውን መምሬ ወልደ ኢየሱስን ጠርታ አስመከረችው። መምሬም በቁጣ ነበር የመጡት። «ከሰማይ የሚወርድ፣ በራሱ ኃይል የሚያድን፣ ሕዝብ የሚያጨበጭብለት፤ ይሄ ሐሳዊ መሲሕ ነው! አንተ ደግሞ አፍህን ታውሰዋለህ።»

ሣህሌ ሳቀ። «አባ፣ እኔ እንኳ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጥይት የማይመታው ሰው ጥይት ፊት ቢቆም ምኑ ይደንቃል? ጌታችን እኮ ‹ከመስቀል ውረድ› ሲሉት አልወረደም። እያመመው ነው እዚያው የቆየ። ይሄኛው ምን ያጣል? ፀጉሩ እንኳ አይበተንም!»

መምሬ ተቆጥተው ወጡ። አሰፋሽ ልጇን ገሠጸችው፤ በሆዷ ግን ኮርታለች፤ ምን ታድርግ፣ እናት ናት።

ጓድ ጥሩሰው ያን ፊልም የኢምፔሪያሊስት መርዝ ነው ሲል ከርሞ፣ አንድ ቀን በድምፅ ማጉያ «ለወጣቶች በነፃ ይታያል» ብሎ አስለፈፈ። ነፃ ሲባል የማይሄድ ማን አለ? ክበቡ ጢም አለ። አሰፋሽ አትሂድ ብላ ለምናው ነበር። «እኔ ከቀረሁ ማን ይተረጉምላቸዋል?» ብሎ ወጣ።

የሆነውን የነገረቻት ጎረቤቷ ንጋትወርቅ ናት፤ አሁንም ሊቀ መንበሩ ለሽንት ወጣ ሲል ጠጋ ብላ ደገመችላት። አሰፋሽ መስማት አይበቃትም።

«ወታደሮቹ ለአፈሳ በፊት ለፊት በር ሲገቡ አያቸው። ድምፁን እንኳ አልለወጠም። ‹ሰውየው ምን ይላል መሰላችሁ?› አለ። ‹ወጣቶች፣ በኋላ በር ውጡ፤ እኔ እዚህ እቆማለሁ ይላል።› ወታደሮቹ ፊልሙ መሰላቸው። ልጆቹ ግን ፊልሙን ደጋግመው አይተውታል፤ ሰውየው እንዲህ እንደማይል ያውቃሉ። ግር ብለው ወጡ። ወታደሮቹ ነቅተው ሲሮጡ፣ የኋላውን በር ሁለት መቃን ይዞ ቆሞ አገኙት።»

«እና የመዲናው ከድሩ ወጣ» አለች አሰፋሽ።

«ወጣ።»

ሌሎቹ በኋላ ከየጓዳውና ከአዋሽ ገደል ሥር ተለቅመው ለብሔራዊ ውትድርና ተጭነዋል። የቀረው የሻይ ቤት ባለቤቷ የመዲና ልጅ፣ ከድሩ ብቻ ነው። በአሰብ መኪና ሸራ ሥር ተደብቆ ወጥቷል። አሰፋሽ ይህን አንድ ልጅ የሙጥኝ ብላ ይዛዋለች። እሱ እንኳ ከተረፈ የሣህሌ ሞት ከንቱ አይሆንም።

መምሬ ወልደ ኢየሱስ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። ወደ እሳቸው ዞረች።

«አባ፣ የኔን ልጅ ደረት ጥይት ምነው በሳው?»

«ልጄ…» አሉ መምሬ። «ያን ዕለት እኔ የተቆጣሁት ስለ ፊልሙ ነበር። እሱ የነገረኝ ስለ ጌታ ኖሯል። አልሰማሁትም።»

«ጌታዎ በሦስተኛው ቀን ተነሣ» አለች አሰፋሽ። «የኔም ልጅ ሠልስቱ ዛሬ ነው።»

መምሬ መስቀላቸውን እጀ ጠባባቸው ውስጥ መልሰው ከተቱ።

ጓድ ጥሩሰው ተመልሶ ገና ከመቀመጡ መዲና ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ሻርፗ ወደ ትከሻዋ ወርዷል። «አላህ ሶብሩን…» ብላ ጀመረች፤ መጨረስ አቃታት።

«ሚሌ ኬላ ላይ ያዙት» አለች። «ሸራውን ገልጠው ከድሩን ወሰዱብኝ።»

ጓድ ጥሩሰው የሻይ ብርጭቆውን ማየት ጀመረ። 

አሰፋሽ መዲናን ቀና ብላ አየቻት። ታዲያ ለምን? ልጄ ለምን ሞተ? ለአንዲት ምሽት? «ልጄን አስበልተሽ ልጅሽንም ሳታስተርፊ!» የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ብትለው ደስ ባላት ነበር። ሴቶቹ ምን ልትል ነው ብለው ያይዋታል።

መዲና ልትቀመጥ አልደፈረችም። 

መሬት ላይ የተነጠፈው ፍራሽ የባለ ሐዘን ነው፤ ሬሳ ያልወጣበት ቤት ሰው አይቀመጥበትም። ሣህሌ ወንድምም እህትም ስላልነበረው አሰፋሽ ብቻዋን ነው የተቀመጠችበት። ጓድ ጥሩሰው እያየ፣ ወደ ዳር ፈቀቅ አለችና ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።