የታጠበው ሳንቲም

ጋሽ መነጽር የሚሉት የድሮ ሳንቲም ነጋዴ ሲበዛ ነጭናጫ ነው። ሱቁ የገባውን ሁሉ «በጠርዙ ያዝ! ፊቱን አትንካ!» እያለ ቁም ስቅሉን ያሳየዋል። ዛሬ ግን የሟች ጓደኛው ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አንድ የብር ሳንቲም ከመሀረብ ፈትታ በመዳፏ ጨብጣ ስታቀብለው ትንፍሽ አላለም።

«ጋሼ፣ ይሄን ለሳንቲም መርማሪዎቹ ላክልኝ» አለችው። «ደረጃ ሰጥተው፣ አሽገው ይመልሱት። አባዬ ሁሌ ‹ይሄ ከተመረመረ የራስሽን ሱቅ ትከፍቻለሽ› ይለኝ ነበር። ለክፍያው የስፌት መኪናዬን የሚገዛ አግኝቻለሁ።»

«መኪናሽን? አብደሻል እንዴ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ሰው ሳሎን ጥግ ተወሽቄ ስሰፋ ልሙት?»

አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቀነ። ለወጉ ነው እንጂ ነገሩን ያውቀዋል። ሳንቲሙ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ብቻ የቀረ ነበር። ነበር! አሁን ያ ግራጫ የዕድሜ ወዙ ተገፍፎ፣ ፊቱን ፀጉር የሚያክል ጭረት ወርሶታል። መርማሪዎቹ ደግሞ ለታጠበ ሳንቲም ምሕረት የላቸውም፤ «ተፈትጓል» ብለው ጽፈው ይመልሱታል፣ ዋጋው አለቀ።

ያጠበችው ራሷ ናት። አባቷ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ደስ ይበለው ብላ፣ በጥርስ ሳሙና ፈትጋ ፈትጋ፣ እያብረቀረቀ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ያ ምስኪን «እሰይ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ!» አላት። በማግስቱ ጓደኛውን አስጠርቶ፣ «አደራህን፣ እኔ ስሞት ይዛው ትመጣለች። ተራ ነው በላት። ያበላሸችው እሷ መሆኗን ካወቀች ዕድሜ ልኳን እጇን ስትረግም ትኖራለች» አለው። እንዲህ ያለ አደራ ይሰጣል? ሰጪውስ ሰጥቶ ሄደ፣ ተቀባዩን ምን ይዋጠው!

ጋሽ መነጽር ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «አይላክም» አላት። «ተራ ሳንቲም ነው። የክፍያውን ሩብ እንኳ አያወጣም። መኪናሽን እንዳትነኪ።»

ልጅቷ ክው አለች። «ተራ? ሠላሳ ዓመት እኮ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የጠበቀው!» እጆቿን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። «እና አባዬ ሞኝ ነበር ማለት ነው? ሰፈሩ ‹በቁራጭ ብረት አበደ› እያለ ሲስቅበት የኖረው እውነቱን ነበር?»

ይሄን አላሰበበትም። እንደ ሟቹ ሳንቲም የሚያውቅ ሰው ዓይቶ አያውቅም፤ እሱን ራሱን ሙያውን ያስተማረው ያ ሰው ነው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ የወዳጁ ስም ከውርደት ይድናል። ግን ባንኮኒው ላይ የተዘረጉትን፣ መርፌ የበሳሳቸውን እጆቿን አያቸው።

«አዎ ልጄ» አለ። «ተሞኝቷል።»

ልጅቷ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሲወጣላት ሳንቲሙን አነሳችና በቀሚሷ ጫፍ ትፈትገው ጀመር።

«ይሁን፣ ሞኝም ቢሆን አባቴ ነው። እኔ እያጠብኩ አኖርለታለሁ። ያን ቀን ሳሳየው እንዴት ደስ እንዳለው ብታይ፣ ጋሼ!»

ያ አፉ የማያርፍ ሰውዬ ፈትጋ እስክትጨርስ ዝም ብሎ ጠበቃት።