ሠላሳ ሰባት ቁጥር

መምህር ሀብተ ሥላሴ ውሸቱን የጀመረው በክፋት አልነበረም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አዋሽ ሰባት ኪሎ ለስፖርት መምህርነት ተመድቦ እንደመጣ፣ ኡሙሀኒ ቁርስ ቤት ውስጥ ሰዎች ስለ ብስክሌት ውድድር ሲያወሩ ሰማና «እኔም በወጣትነቴ ኮምቦልቻ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን እወዳደር ነበር» ብሎ ጣል አደረገ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ሁለቱም ደርሰውበታል። እውነቱ ግን ከቡድኑ መኪና ኋላ ተቀምጦ ውሃ ያቀብል፣ ውድድር ሲያልቅ ደግሞ የሌሎቹን ብስክሌት ያጥብ ነበር። ውሃ ማቀበል የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ሰውየው ግን እንዲያ ብሎ መናገሩን አልቻለበትም፣ ከተማውም እያደር «አሰልጣኝ» ይለው ጀመር።

የኡሙሀኒ ልጅ ሙጂባ ወደ እሱ የመጣችውም ይህን ስም ሰምታ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ማትሪክ አልመጣላትም፤ ከእናቷ ቁርስ ቤት ሳህን ከማጠብ የሚያወጣት ሌላ በር አልነበረም። እግሯ ግን ጉድ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስታ በአሮጌ ብስክሌት ከባድ መኪናዎቹን እየተከተለች ስትጋልብ ሹፌሮቹ ጡሩምባ እየነፉ ያበረታቷታል። ሚያዝያ ላይ ሰመራ ለክልሉ ቡድን የምርጫ ውድድር እንደሚካሄድ ሲሰማ ሀብተ ሥላሴ አስመዘገባት። የሚመረጡት ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው።

ከሹፌሮቹ አንዱ፣ የጅቡቲ መስመር የሚሠራው ጀማሉዲን፣ እንደ እህቱ ስለሚያያት «ከፔዳል ጋር የሚቆለፈውን እውነተኛውን ጫማ እኔ አመጣላታለሁ» ብሎ ቃል ገባ። አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ከጅቡቲ ደወለ። ኡሙሀኒ ስልኩን ጮክ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ሰማ።

«ባለሱቁ እግሯን ወረቀት ላይ ታቁምና በእርሳስ ዙሩላት ነው የሚለው» አለ ጀማሉዲን። «ከተረከዟ እስከ ረጅሙ ጣቷ ስንት ሴንቲ እንደሆነ፣ ወርዱንም ጭምር። ሲመሽም ይሻላል አለኝ፣ እግር ውሎ ሲያብጥ።»

ሰው ሁሉ ወደ ሀብተ ሥላሴ ዞረ። ያን ያህል ሹፌር እያየው ከአንዲት ልጅ እግር ሥር ሊንበረከክ ነው? ደግሞም የሰው ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት፣ ነውር ነው። ሰበቡ ይህ ነበር። ሰበብነቱንም ያውቀዋል፤ «ኡሙሀኒ፣ አንቺ ለኪያት» ቢል ያልቅ ነበር። ያሳፈረው ሌላ ነገር ነው። የጫማ ልክ በወረቀት እንደሚወሰድ ገና አሁን መስማቱ ነበር። ስለዚህ ወደ ጓዳው በር ሄደና ደጃፍ ላይ ከወለቀው ነጠላ ጫማ አንዱን አንስቶ ገለበጠው።

«ሠላሳ ሰባት በለው» አለ። «ተወዳዳሪ የነበረ ሰው ወረቀት አያስፈልገውም።»

በኡሙሀኒ ቤት ደጃፍ ላይ ያለ ነጠላ ጫማ የማንም አይደለም። ለመውጣት የቀደመ ያጠልቀዋል። ያ ጫማ የተገዛው ለሙጂባ ታናሽ እህት ነበር፤ ሙጂባ ስታደርገው ተረከዟ ወደ ኋላ ተርፎ መሬት ይነካል። ሀብተ ሥላሴ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ሲበላ ይህን ሳያይ አልቀረም። ግን ቁጥሩን በልበ ሙሉነት ከተናገረ በኋላ ማን ይመልሰው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ።

እሑድ ጫማው መጣ። ነጭ ነው፣ ጎኑ ላይ ቀይ መስመር አለው፣ የሚታሰረው በመጠምዘዣ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እያየ ሙጂባ እግሯን አስገባች፣ ገፋች፣ ፊቷ ትንሽ ጨምደድ አለና ተመለሰ። ጀማሉዲን በዲቾቶ መንገድ አቧራ እንደነጣ ፊት ለፊቷ ቆሞ ይስቃል። «ጠበበኝ» ብትል ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ ላመጣላት ሰው ምን ብላ ትናገራለች? ይሉኝታ ያዛትና «ልክ ነው፣ ጀዛክ አላህ» አለች።

አሁን ጫማ ስለሆነ ማጎንበሱ ሀብተ ሥላሴን አላሳፈረውም። እንደ አዋቂ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። ውስጡ ክፍተት የሚባል ነገር የለም። ጣቶቿ ጫፉ ላይ ተጠቅልለው ተቆልለዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ ቀና ብሎ። «የውድድር ጫማ ጥብቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ሲለበስ ይሰፋል።»

ልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ነገረችው። «ቲቸር፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ ከዚያ ይቃጠላሉ» አለችው።

«መጀመሪያ ላይ የሁሉም ሰው እንደዚያ ነው» አላት። «እኔም ደንዝዞኝ ነው የለመድኩት።» ይህን ሲል ዓይኗን ማየት አቅቶት ጎማውን በእጁ ይነካካ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ምንም አላለችውም፣ እሱም አልጠየቃትም።

ሰመራ ላይ ውድድሩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይጀመራል ተብሎ የክብር እንግዳው ንግግር እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ሆነ። አስፋልቱ ግሏል። ሙጂባ እስከ መዞሪያው ድረስ ሁሉንም መርታ ነበር። ስትመለስ ግን ቀኝ እግሯ መግፋት ትቶ ከፔዳሉ ጋር እንዲሁ ይዞር ነበር። አንዷ አለፈቻት፣ ሁለተኛዋ አለፈቻት፣ መጨረሻው መስመር ሊደረስ ትንሽ ሲቀር ሦስተኛዋ አለፈቻት። ጀማሉዲን ደግፎ ጥላ ሥር አስቀመጣትና ጫማውን አወለቀላት። የሁለቱም አውራ ጣቶቿ ጥፍር ጠቁሯል፣ ካልሲዋ ላይ ደም አለ።

የክልሉ ቡድን አሰልጣኝ ንጋትወርቅ መጥታ ቁጢጥ አለች። ጫማውን አነሳች፣ ሶሉን በሁለት እጇ ለማጠፍ ሞከረች፣ አልታጠፈም። «ይሄ መቼም አይሰፋም፣ ድንጋይ ነው» አለች። «እዚህ ደግሞ እግር በሙቀት ያብጣል። ጣቶችሽን ውስጡ ልታንቀሳቅሺ ይገባ ነበር። ማነው ይህን የመረጠልሽ?»

ሙጂባ መምህሯን አየችው፣ ከዚያ አቀረቀረች። «እኔ ነኝ» አለች። «ቁጥሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ንጋትወርቅ የተመራጮቹን ስም የያዘውን ወረቀት አጠፈች። «ጉልበትሽን አይቻለሁ። ተጠባባቂ አድርጌ ልወስድሽ አስቤ ነበር። ግን የገዛ እግሯን ልክ የማታውቅ፣ አሟት የምትደብቅ ልጅ ነገ ጉልበቷን ትሰብርብኛለች። ይቅርታ።»

ሀብተ ሥላሴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዝም ቢል ነገሩ እዚሁ ያልቃል፣ ስሙም ከነክብሩ አዋሽ ይገባል። ይህን እያሰበ ራሱን ሲያገኘው ከሁሉ በላይ ያፈረው ያኔ ነው። ልጅቱ እየደማች ልትሸፍነው፣ እሱ ሊሸፈን።

«እሷ አይደለችም» አለ። «እኔ ነኝ። ከደጃፍ የተገኘ ነጠላ ጫማ ገልብጬ አነበብኩ። ስትለካው መጥበቡን በእጄ ነክቼ አውቄያለሁ። አሞኛል ስትለኝ ትለምጂዋለሽ አልኳት። ተወዳድሬም አላውቅም። ውሃ አቀባይ ነበርኩ።»

ጀማሉዲን እጁ ላይ የቀረውን ሌላውን ጫማ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከአዋሽ አብረዋቸው የመጡ ሁለት መምህራን እርስ በርሳቸው ተያዩ። ንጋትወርቅ ወረቀቱን መልሳ ዘርግታ የሙጂባን ስም ጻፈችና አሳየቻት። «ተጠባባቂ። እግርሽ እንደዳነ ትመጫለሽ» አለቻትና ወደ ባልደረቦቿ ተመለሰች።

ሀብተ ሥላሴ ሙጂባ አጠገብ ተቀመጠ። ትቆጣው ይሆናል ብሎ ነበር፤ ታመሰግነው ይሆናል ብሎም፣ ሳያፍር፣ ትንሽ ተስፋ አድርጎ ነበር።

«ቲቸር» አለች። «ሌላውስ?»

«የቱ ሌላ?»

«ዳገት ላይ ከመቀመጫ አትነሺ ያሉኝ። ውሃ በስንት ኪሎ ሜትር እንደምጠጣ። ከንፋስ እንዴት እንደምከለል። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። የቱ ነው እውነቱ?»

አፉ ለመመለስ ተዘጋጅቶ ተከፈተ። ብስክሌት ሲያጥብ ከተወዳዳሪዎቹ የሰማው አለ፣ ቴሌቪዥን ላይ ያየው አለ፣ ፊቷ ቆሞ ላለማፈር ሲል እዚያው የፈጠረው አለ። አንዱን ከአንዱ ለመለየት አሰበ፣ አሰበ፣ ለራሱም ተደባልቆበታል።

«አላውቅም» አላት።

ሙጂባ ራሷን ነቀነቀች። ከቦርሳዋ ደብተሩን አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና እያነከሰች ወደ ንጋትወርቅ ሄደች።