ራድዋ ያጠፋችው ቀይ ምልክት

ብረት ሠሪው ኡስታ ሰብሪ ማርሹን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሞከሩት፤ እምቢ አለ። የብረት መቅረጫ ቶርኗቸውን አጠፉና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ ሁለቱ ተማሪዎች ዞሩ።

"በሉ እናንተ ኢንጂነሮች፣ ይሄ ነገር አይገባም። ጥርስ ለጥርስ ተናንቋል። በመዶሻ ልበለው?"

"ኧረ በአላህ ኡስታ!" አለች ራድዋ።

"እኔ ላሜራውን በወረቀታችሁ ነው የበሳሁት። ማርሹንም በወረቀታችሁ ነው የቆረጥኩት። ሁለቱ ወረቀቶች ተጣልተው እንደሆነ እኔ ምን አገባኝ?"

እውነታቸውን ነው። ኡስታ ሰብሪን በግብፅ መንሱራ ከተማ ያለ ብረት ቤት ሁሉ ያውቃቸዋል፤ በግማሽ ሚሊ እንኳ አይሳሳቱም። በላሜራው ስዕል ላይ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ሰማንያ ሁለት ሚሊ ነው፤ ማርሾቹ ደግሞ ሰማንያ አራት ይፈልጋሉ። ላሜራውን የሳለችው ራድዋ ናት፤ ማርሾቹን የሳለው ቢሾይ። የሸንኮራ አገዳ መጭመቂያው የምረቃ ፕሮጀክታቸው ነው፤ ፈታኞቹ ፊት የሚቀርቡት ሐሙስ ነው፤ ቀኑ ደግሞ እሁድ።

ራድዋ ለአፍታም አላመነታችም። "ቢሾይ፣ ሰማንያ ሁለት ብለህ አይደል ልኬቱን የሰጠኸኝ? አራቱን ከየት አመጣኸው?"

ልኬቱን እንደ ናሙና ከመረጡት የአንድ ጭማቂ ቤት አሮጌ ማሽን ላይ የወሰደው ቢሾይ ነው። የጻፈበትን ወረቀት ለእሷ ሰጥቷት ነበር፤ ወረቀቱ አሁን የለም። ከክፍሉ አንደኛ ከምትወጣ ልጅ ጋር ምን ብሎ ይከራከራል?

"አራት ያልኩ መስሎኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ይቅርታ ኡስታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

አማካሪያቸው ዶክተር ሙፊዳ ወሬው ሲደርሳቸው አልተቆጡም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። "ሐሙስ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በስዕሉ ታስረዱናላችሁ" አሉ። "ያጠፋው ለኅዳር ፈተና ይመለሳል፤ ሌላው ያልፋል።"

ኅዳር ማለት ለቢሾይ ፖርት ሰዒድ ቀረ ማለት ነው። እዚያ መርከብ ጥገና ላይ ሥራ አግኝቷል፤ ዲግሪውን ይዞ ነሐሴ ላይ ሊጀምር ነው። ለራድዋ ደግሞ ኅዳር ማለት የረዳት አስተማሪነቷ ነገር አበቃ ማለት ነው፤ ቦታው በመጀመሪያው ዙር አንደኛ ለወጣ ብቻ ነው። ገና ሳትሾም እናቷ "ዶክተሯ ልጄ" እያሉ ጎረቤቱን አሰልችተውታል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ራድዋ ኮምፒውተር ክፍል ገብታ የማሽኑን ሙሉ ስዕል ከፈተች። ሐሙስ ማርሾቹ ሲዞሩ ማሳየት አለባቸው። እጀታውን በማውስ ጎተተችው። ንቅንቅ የለም።

ስክሪን ላይ የተወረወረ ብረት ስድ ነው። ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በሦስቱም በኩል ይሽከረከራል። ሙያው እሱን ከጎረቤቱ ጋር ማሰር ነው፤ ይሄ ቀዳዳ ከዚያ ዘንግ ጋር፣ ይሄ ፊት ከዚያ ፊት ጋር እያሉ፣ የተሠራባትን አንዷን እንቅስቃሴ ብቻ መተው። ሰነፍ ተማሪ ግን ሁሉንም ባለበት ይቸነክረዋል። ሲያዩት ያምራል፤ ሲጎትቱት በድን ነው።

ራድዋ ደግሞ ሰነፍ አይደለችም። "ማነው ይሄን የቸነከረው?" ብላ የላይኛውን ማርሽ ነካች። ማን ይሆናል፣ ራሷ ናት እንጂ! ችንካሩን አነሳችና የተሰረዘውን ማሰሪያ፣ ሁለቱ ማርሾች ሳይናነቁ ልክ በልክ ይገናኙ የሚለውን፣ መለሰችው። ወዲያው የስክሪኑ ግራ ጎን ቀይ በቀይ ሆነ። እነዚህ ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም ማለቱ ነው።

ይሄን ቀይ ታውቀዋለች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ስዕሉ ለኡስታው መሄድ ባለበት ቀን፣ ብቅ ብሎባት ነበር። ቸኩላለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችና ማሰሪያውን ሰርዛ ማርሹን ባለበት ቸነከረችው። ቀዩ ጠፋ። እሷም "በቃ፣ ሠራ" ብላ አተመችው። ምስኪን ኮምፒውተር የአቅሙን ያህል ጮኾላት ነበር።

"ግን እኮ ሰማንያ ሁለት ብሎ ጽፎልኝ ከሆነ ያው ጥፋቱ የሱ ነው" አለች ለራሷ። ሰው ሲጨንቀው ለራሱ ጠበቃ አያጣም። የብረት መለኪያ ካሊፐሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ጭማቂ ቤቱ ሄደች።

ማሽኑን እንዲያቆምላት ስትለምነው ጭማቂ ሻጩ ፊቱን አጨማደደ። "ደግሞ አንቺ መጣሽ? ያ ጓደኛሽ አራት ጊዜ ነው ያስቆመኝ። ሰው በጥም ተሰልፎ እሱ ይለካል፣ ይጽፋል፣ እንደገና ይለካል። 'አንተ ልጅ፣ ማሽኔን ልታገባት ነው እንዴ?' አልኩት።"

ለካች። ሰማንያ አራት። ደግማ ለካች፤ ያው ሰማንያ አራት። አራት ጊዜ የለካ ልጅ ቁጥሩን ተሳስቶ አይጽፍም። የሳተው የእሷ ጣት ነው፤ አንዲት ቁልፍ ብቻ።

"እንኪ ጠጪ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ" አለ ሻጩ ብርጭቆ እየዘረጋላት። አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ብርጭቆውን መለሰችለት።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ለዶክተር ሙፊዳ ልትደውል ስልኳን እያነሳች መልሳ አስቀመጠችው። የጣቴን ስህተት ይቅር ይሉኛል፤ ቀዩን አይቼ ማጥፋቴን ግን ማን ይቅር ይለኛል? ደግሞስ ማን አየኝ? ማንም እንዳላያት ስታስብ ደስ ሊላት ሲገባ ደስ አላላትም። ሳትደውል ዋለች፤ በራሷ አፈረች።

ሐሙስ ጠዋት ቢሾይ በተተኮሰ ሸሚዝ ፈታኞቹ ፊት ቆመ። "ስህተቱ የልኬት ነው፤ ልኬቱን የወሰድኩት ደግሞ..."

"ቁጭ በል ቢሾይ!" ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ማውሱን ያዘች። ችንካሩን አነሳች፣ ማሰሪያውን መለሰች፤ ቀዩ ትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ።

"ይሄን ከመታተሙ በፊት አይቼው ነበር" አለች። "ላሜራው ላይ ሁለት ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የቢሾይ ልክ ነው፣ ሄጄ ለክቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ ነግሮኝ ዝም አሰኘሁት። ከዚያ ጥፋቱን እሱ ላይ ጣልኩት።"

ዶክተር ሙፊዳ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ቀዩን አዩት። "መቼ አወቅሽ?"

"ማክሰኞ።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው።"

"አዎ፣ ዶክተር።"

"ቁጥር ሁላችንም እንሳሳታለን፤ ለሱ ብዬ ኅዳር አልልክሽም። አይተሽ ላጠፋሽው ግን እልክሻለሁ። ለሚመጡት ልጆች ይሄን የምታስተምሪው አንቺ ነበርሽ እኮ!" ወደ ቢሾይ ዞሩ። "አንተ አልፈሃል፣ ልጄ።"

ኮሪደሩ ላይ ቢሾይን ጠበቀችው። ያመሰግነኛል ብላ አልጠበቀችም፤ እንደማያውቃት ሰው ያያታል ብላም አላሰበችም።

"ሰኞ ፖርት ሰዒድ ደወልኩ" አለ ቢሾይ። "ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው።"

"ምን? ገና ሳይወሰን? ለምን?"

"ሁለት ቀዳዳ መለካት ያቃተው ሰው መርከብ ሥር ምን ይሠራል ብዬ ነዋ! እዚያ ሰው ይሞታል እኮ። አራት ጊዜ ለክቼ፣ አንቺ ሁለት ነው ስትዪ ዐይኔን ተጠራጠርኩ፣ ራድዋ። የገዛ ዐይኔን!"

ይቅርታ ልትል ነበር፤ ግን ምን ያደርግለታል? እጇን ዘረጋች።

"ደውልና ስጠኝ።"

"ምን ልትያቸው?"

"ስጠኝ በእናትህ።"

ደውሎ ሰጣት። ጠራ፣ ጠራ፤ ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ "ሃሎ" አለ። ቢሾይ ንቅንቅ ሳይል ፊት ለፊቷ ቆሟል።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ራድዋ እባላለሁ፣ የቢሾይ የክፍል ጓደኛ ነኝ" አለች። "ሰኞ ሲደውልላችሁ መለካት አልችልም ብሏችሁ ነበር። እንዲያ ያስባልኩት እኔ ነኝ። እሱ በትክክል ነው የለካው። እባክዎ አይዝጉብኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገርዎት።"