የክላይድ ዘፈን

ላቨርን ኦስካን ከትንሿ አውሮፕላን ስትወርድ የጠበቃት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የዋፖስ ሐይቅ መንደር አለቃ ሃርቪ። ጊታሯን ተቀበላትና ሻንጣዋን ትቶ ወደ መኪናው አመራ።

«ሻንጣውስ?»

«እሱን ራስሽ ያዢው፣ ታዋቂዋ! እዚህ የሚያጨበጭብልሽም የሚሸከምልሽም የለም።»

ሳቀች። በየከተማው ሰው ሲከባት ከርማ እንዲህ የሚተርባት ናፍቋት ነበር። መኪናው መንደሩን ሲያቋርጥ ግን በመንገድ ያገኟቸው ሁሉ እጃቸውን ያነሱት ለሃርቪ ነው። እሷን እንደ እንግዳ አይተው አለፉ።

ያስመጣት የነገው ስብሰባ ነው። ከሐይቁ በላይ ግድብ የሠራው የመብራት ኩባንያ በብርዱ ወራት ውሃውን ሲይዝና ሲለቅ፣ በረዶው ከላይ የጠነከረ ይመስልና ከሥሩ ባዶ ይሆናል። የአክስቷ ልጅ ክላይድ የዓሣ መረቡን ሊያይ በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ወጥቶ፣ በረዶው ተደርምሶበት የቀረው በዚህ ነበር። እሱና ላቨርን አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ ላይ ነው ያደጉት። ላቨርን ሐዘኑ አላስቀምጥ ሲላት ስሙን እየጠራች ዘፈነች፤ ዘፈኑም አገር አዳረሰ። ስንት ዘመን አቤት ሲባል ጆሮ ያልሰጠው ኩባንያ አሁን ሰዎቹን ሊልክ የተስማማው ከዚያ ወዲህ ነው።

አክስቷ ሞዲ ማዕድ ቤት ቆማ ዓሣ ትሰነጥቃለች። ቀና አላለችም።

«ተቀመጪ። ሻይ ምድጃው ላይ አለ።»

«አክስቴ፣ ነገ ስዘፍን ከፊት ትቀመጪልኛለሽ አይደል?»

ቢላዋው ቆመ።

«ልዝፈነው ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ እሺ ብያለሁ፤ አልክድም። ግን ሱቅ ገብቼ ድንች ስመርጥ የልጄን ስም ከሬዲዮ እሰማለሁ ብዬ መች አሰብኩ? ሻጯ አብራ ታንጎራጉራለች። ድንቹን ጥዬ ወጣሁ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«የት አግኝቼሽ? የምትሮጪው ለኛው ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጄ። ማወቄ ግን ሕመሙን አልቀነሰልኝም።»

ላቨርን ልታቅፋት ተነሳች። አክስቷ ቅርፊት የለበሰ እጇን ዘርግታ ከለከለቻት።

«ነገ ዝፈኚው። እነዚያ ሰዎች ፊቴን እያዩ ይስሙት። ከዚያ በኋላ ልጄን መልሺልኝ።»

«እሺ፣ አክስቴ፤ ከነገ በኋላ አልዘፍነውም።»

በማግስቱ አዳራሹ ጢም አለ። ላቨርን ዓይኗን ከአክስቷ ሳታነሳ ዘፈነች። ክላይድ የሚለው ስም በመጣ ቁጥር ሞዲ ወደ ኩባንያው ሰዎች ትመለከታለች፤ አንገቷን አልደፋችም። ዘፈኑ ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ሞዲ ብድግ ብላ በአካባቢው ነባር ሕዝብ ቋንቋ፣ በክሪ፣ ተናገረች፤ ሃርቪም ተረጎመላቸው።

«ውሃውን ከመልቀቃችሁ በፊት ደውሎ መናገር ይህን ያህል ይከብዳል?»

የኩባንያው ሰዎች ኃላፊ፣ «አይከብድም» አለ።

ግድቡ አልፈረሰም፤ በግድቡ ውሃ የተዋጠውም መሬት አልተመለሰም። ኩባንያው ግን ውሃ ከመልቀቁ በፊት ማስታወቅ፣ መንደርተኛውም በስሱ በረዶ ላይ ምልክት መትከል ጀመረ።

ላቨርን ቃሏን ጠበቀች። በየመድረኩ «ክላይድ! ክላይድ!» ብለው ሲጮሁባት፣ «እሱን አልዘፍንም» ትላለች። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። አንዱ አዘጋጅ ፊት ለፊት፣ «የጠራንሽ ለዚያ ዘፈን ነበር እኮ» አላት። ጥሪው እየሳሳ ሄደ። ስለ ውሃው፣ መንግሥት ከየቤቱ ስለወሰዳቸው የነባሩ ሕዝብ ሕፃናት አዳዲስ ዘፈኖች ጻፈች፤ ግማሹ ወንበር ባዶ በሆነበት አዳራሽም ተጫወተቻቸው። ከሁሉ የከበዳት ግን ብቻዋን መኪና ስትነዳ ያ ዜማ አፏ ላይ ሲመጣ ነበር። ከንፈሯን ትነክሳለች። የወንድሟን ያህል የነበረውን ልጅ ስም ጮክ ብላ የምትጠራበት ሌላ ቦታ አልነበራትም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ብርዱ እንደገባ፣ ሞዲ ደወለች።

«ዛሬ ውሃ እንለቃለን አሉ። ወደ ሐይቁ የወጣ የለም።»

«ጥሩ ነው፣ አክስቴ።»

«ጥሩ ነው።»

ሞዲ ሳል ቢጤ አሰማች፤ ከጀርባዋም የምድጃው እንጨት ሲንጣጣ ይሰማል። ላቨርን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለቱም አልዘጉትም።