የተበሉት ሁለት ሽምብራዎች

«ሁለት ፍሬ ሽምብራ ነው የቀመስኩት። ወርቅ የዋጥኩ አስመሰልከው እኮ» አሉ እትዬ ብርቅዬ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ይልቃል በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «የሚበላ አልነበረም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሽምብራ ካልተበላ ምን ይደረጋል? ይጸለይበታል?»

በአሰብ ሙቀት በሩን የሚዘጋ የለም፤ ጎረቤቱ እትዬ ብርቅዬም ማንኳኳት አያውቁም።

ይልቃል በማጣሪያው ላቦራቶሪ ነዳጅ ሲመረምር ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ደመወዙ ደህና ነው፤ ልቡ ግን አዲስ አበባ ነው ያለው። ዝናብ የሚመታው የዩኒቨርሲቲው ክፍል መስኮት፣ እጁ ላይ የሚቀረው ጠመኔ ሳይቀር ይናፍቀዋል። ባለፈው ሳምንት የድሮ መምህሩ ዶክተር ውድነህ ጻፉለት፦ አንድ የረዳትነት ቦታ ተገኝቷል፤ ጥያቄያቸውን እስከ ቅዳሜ የመለሰ ይገባበታል። ጥያቄው ኤሌክትሪክ በመጠኑ ስለሚያሳልፍ የካርቦን ውህድ ነው። በቀላሉ እንዲሟሟ ብለው ሁለት ቅርንጫፍ ቢጨምሩበት ማሳለፉን ተወ። ለምን?

ይልቃል የውህዱን ቅርጽ በዓይኑ ለማየት የራሰ ሽምብራ ስድስት ስድስቱን በስንጥር እየሰካ ሁለት ቀለበት ሠራ፤ ቀለበቶቹንም በአንድ ስንጥር አያያዛቸው። ለቅርንጫፎቹ ትልልቁን ፍሬ መርጦ በየቀለበቱ ላይ፣ እመገናኛው ጥግ ተከላቸው። አራት ቀን ቢያፈጥበት ምንም አልታየው።

«ትልልቆቹን ነው የበሉት?»

«ትንንሹን ልልቀም እንዴ? ደግሞም አንድ ጓዳ እንደተከራዩ ሁለት ባልቴቶች እየተገፋፉ ሥራህን አጣመውት ነበር። ገላገልኩህ።»

ይልቃል ሳህኑን አየ። ጠዋት አንዱ ቀለበት ተኝቶ ሌላው በጎኑ ቆሞ ነበር። አሁን ሁለቱም እንደ ቂጣ ልጥፍ ብለው ተኝተዋል።

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ኤሌክትሮን ከቀለበት ወደ ቀለበት እንደልቡ የሚያልፈው ሁለቱ ባንድ ሜዳ ሲተኙ ነው። ቅርንጫፎቹ መገናኛው ላይ ሲገፋፉ ቀለበቶቹን ጠምዝዘው መንገዱን ዘግተውበታል። ወደ ውጪው ጫፍ ቢወሰዱ ግን ውህዱም ይሟሟል፣ መንገዱም ይከፈታል።

ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። ፖስታውን አሽጎ ሲነሣ እትዬ ብርቅዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉት። «የጭነት መኪና ሾፌሩ ወልዴ ያገሬ ልጅ ነው። እኔ ስሰጠው ነው የማይጥለው» አሉ።

ወደቡ በር ላይ ደረሱበት። ወልዴ ፖስታውን ኪሱ ከቶ፣ ሐሙስ አዲስ አበባ እንደሚገባ ነግሯቸው መኪናውን አስነሣ። ይልቃል የጭነቱ ሸራ ባቧራው ውስጥ እስኪጠፋ ዓይኑን አልነቀለም። እሱም ከሸራው ሥር ተቀምጦ የሄደ መሰለው።

«ከተሳካልኝ ወርም አልቆይ» አለ።

እትዬ ብርቅዬ አቧራውን ከነጠላቸው አራገፉ።

«በየሳምንቱ እጽፍልዎታለሁ፣ እትዬ።»

«ማን ሊያነብልኝ?» አሉ።