የጨጓራ መድኃኒት

ብሩክታይት ገረመው በዚያ ዓመት ሁለት ሥራ ነበራት። አንደኛው ቦሌ መንገድ ላይ ባለ የጉዞ ወኪል ቢሮ የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሐኪም የሚናገረውን ለእናቷ ወደ ውሸት መተርጎም ነው። ለዚህኛው ማንም አልቀጠራትም፤ ልልቀቅ ብትልም የሚቀበላት አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት እህል አልወርድ ብሏቸው መክሳት ሲጀምሩ ነው። አያት ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየማቸው ይዛቸው ቦሌ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄደች። እዚያ በጉሮሯቸው ቀጭን ቱቦ ተከተተ፤ ከጨጓራቸውም ለምርመራ ቅንጣት ሥጋ ተወሰደ። «ባዮፕሲ ያሉት ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋት «ጨጓራሽን አጠቡልሽ» አለቻቸው። ለምን እንደዚያ እንዳለች እሷም አታውቅም። ያን ጊዜ ገና የሚደበቅ ነገር አልነበረም።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ዶክተር ገብረኣብ በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉና «አስታማሚ ብቻ» አሉ። በእኛ አገር ሐኪም ክፉ ወሬ ሲይዝ አስቀድሞ የሚጠራው በሽተኛውን አይደለም፤ ይህን የማያውቅ የለም፣ ግን ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል። ወይዘሮ የሺመቤትም ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩ ላይ ቀሩ፣ ልጅቷ ገባች።

«የጨጓራ ካንሰር ነው» አሏት ዶክተሩ። «ግን አልረፈደም። በሚዋጥ መድኃኒት ዕጢውን እናሳንሰውና በኦፕራሲዮን እናወጣዋለን። ለእሳቸው እንዴት እንደሚነገር ግን ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩ።»

ቤተሰብ ተመካከረ። ቤተሰብ ማለት ታላቅ ወንድሟ ኢያሱና የእናቷ ወንድም ጋሽ አምላኩ ናቸው። የካ አባዶ ጋሽ አምላኩ ቤት ተሰበሰቡ። «እህቴን እኔ አውቃታለሁ፣ ልቧ ስስ ነው» አሉ ጋሽ አምላኩ። «ይህን ከሰማች በሽታው ሳይደርስባት ድንጋጤው ይጨርሳታል። ጨጓራ ነው በሏት፣ አለቀ።» ኢያሱም «አደራ ብሩኬ፣ ካንቺ አፍ እንዳይወጣ» አላት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ለእራት ቀረቡ። ወንዶቹ አንዴ ወስነው ተገላገሉ። በማግስቱ እናቷን ደግፋ ክሊኒክ የምትሄደው ግን እሷ ናት፤ በየቀኑ ዐይናቸውን እያየች የምትዋሸውም እሷ ናት።

ውሸቱም እየበዛ ሄደ። ዕጢ «ቁስለት» ሆነ። ኬሞቴራፒ «የጨጓራ መድኃኒት» ሆነ። ሲቲ ስካን «ቁስሉ መድረቁን የሚያዩበት ራጅ» ሆነ። እናቷ ጠያቂ ናቸው፣ የተነገራቸውንም አይረሱም፤ ስለዚህ ብሩክታይት ትናንት የዋሸችውን ዛሬ እንዳታፈርሰው አንድ በአንድ መያዝ ነበረባት። የመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለውን ወረቀት እንግሊዝኛ የሚያነብ የጎረቤት ተማሪ እንዳያነብላቸው ፈራች። እናም እንክብሎቹን ከማሸጊያቸው እየፈለቀቀች ባዶ የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ጨመረቻቸው። ብልሃተኛ የሆነች መስሏት ነበር።

«እጃቸውንና የእግራቸውን ውስጥ እዪልኝ» ብለዋት ነበር ዶክተር ገብረኣብ። «ይህ መድኃኒት መዳፍ ያቀላል፣ ያቃጥላል፣ ሲብስም ቆዳ ይልጣል። ያን ጊዜ ደውዪልኝ፣ መጠኑን እንቀንሳለን።» ስለዚህ ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ ቅባት ልቀባሽ እያለች የእናቷን መዳፍ ወደ መብራት ትገለብጥ ጀመር። «ዘንድሮ ምን ነክቶሻል? ልትድሪኝ ነው?» ይሏታል እየሳቁ። መዳፋቸው ግን አንድም ቀን አልቀላም። ብሩክታይት ደስ አላት። እናቴ ጠንካራ ናት፣ መድኃኒቱን ችላዋለች ብላ ለኢያሱ ነገረችው።

ወይዘሮ የሺመቤት አንድ ጠባይ አላቸው፤ ብቻቸውን የበሉት አይዋጥላቸውም። ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው የወሎዋ እትዬ ፈዲላ የልብ ወዳጃቸው ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ የተሰጠ ጊዜ በአንድ ሳምንት ገብተው፣ ውሃ ሲጠፋ ከአንድ በርሜል እየቀዱ፣ በፋሲካና በዒድ ሳህን እየተላላኩ ኖረዋል። የአንዷ ራስ ምታት ኪኒን የሌላዋ ነው። ብሩክታይት ይህን ሁሉ እያወቀች አላሰበችበትም።

ዕጢው ምን ያህል እንደቀነሰ የሚታይበት ቀን ደረሰ። ዶክተር ገብረኣብ እንደ ልማዳቸው «አስታማሚ ብቻ» አሉ፣ እሷም ገባች። ምስሉን ኮምፒውተራቸው ላይ ደጋግመው አዩና «አልቀነሰም» አሉ። «እንዲያውም ጨምሯል። በሥርዓቱ ወስደዋል?»

«በሚገባ። ብልቃጡ የሚያልቀው ልክ በጊዜው ነው።»

«እጃቸውስ?»

«ንጹሕ ነው ዶክተር፣ ምንም አልሆኑም» አለች፣ በኩራት።

ዶክተሩ ግንባራቸውን አሹ። «እንግዲህ መድኃኒቱ አልያዘላቸውም ማለት ነው። በደም ሥር የሚሰጠውን እንሞክራለን። እሱ ከባድ ነው፣ ጸጉራቸውም ይረግፋል። እሱም ካልያዘ ኦፕራሲዮኑ የሚታሰብ አይሆንም።»

ብሩክታይት ከክፍሉ ወጣች። እናቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው ፊቷን እያነበቡ ነበር። «ምን አሉሽ?»

«ቁስሉ ትንሽ እልኸኛ ሆኗል አሉ። በመርፌ የሚሰጥ ጠንከር ያለ መድኃኒት ይቀይሩልሻል። ምናልባት... ጸጉርሽን ትንሽ ሊነካው ይችላል።»

«ለጨጓራ? ለጨጓራ ጸጉሬን?» ወይዘሮ የሺመቤት ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ። «አልፈልግም። እኔ እንዲያውም ደኅና ነኝ። ከእንግዲህ በዚህ ፀሐይ ቦሌ ድረስ አልንከራተትም። አንቺም ከሥራ መቅረት ሆነብሽ።»

በመኪና ሲመለሱ ገርጂን እስኪያልፉ ብትለምናቸው፣ ሲኤምሲን እስኪያልፉ ብትለምናቸው ወይ ፍንክች። ደግሞ ምን ብላ ትውቀሳቸው? ለጨጓራ ማንም ጤነኛ ሰው ያን መርፌ አይቀበልም። ትክክል እሳቸው ናቸው። እናቷን ለማሳመን ያላት አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ወንድሟና አጎቷ ከአፏ ወስደውባታል። ቤት አድርሳቸው ደረጃው ላይ ቆማ ለኢያሱ ደወለች። «አንድ ነገር ብለሽ አግባቢያት እንጂ፣ አንቺ ትችይበት የለም?» አላት። ስልኩን ዘጋችበት። ሌላ መሄጃ ስታጣ ሎሚ ልግዛ ብላ ወደ እትዬ ፈዲላ ሱቅ ወረደች።

እትዬ ፈዲላ ሎሚውን በፌስታል አድርገው ሲያቀብሏት የእጃቸው ውስጥ ታየ። መዳፋቸው በርበሬ መስሏል፣ የጣቶቻቸው ቆዳም እየተገፈፈ ነው።

ብሩክታይት ፌስታሉን ሳትቀበል ቀረች። «እትዬ ፈዲላ፣ እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ኧረ ተይኝ ልጄ! በረኪና ነው ብዬ ማጠቡን ተውኩ፣ ወይ እሱ! እግሬም እንዲሁ ነው፣ ፍም የረገጥኩ ያህል ያንገበግበኛል። ቫዝሊን ብል፣ ምን ብል...» አሉና ፊታቸው ፈካ አለ። «ጨጓራዬ ግን አልሐምዱሊላህ! የእናትሽን መድኃኒት ከያዝኩ ወዲህ እሳቱ ጠፍቶልኛል።»

«የእናቴን?»

«እንግዲህ እንዳትቆጫት፣ እንዳትሰሚ ብላኛለች።» ከባንኮኒው ሥር የማስቲካ ቆርቆሮ አውጥተው ከፈቱላት። እንክብሎቹ እነዚያው ናቸው፣ እሷ አንድ በአንድ የፈለቀቀቻቸው። «መጀመሪያ የማታ የማታውን ታካፍለኝ ነበር። በኋላ ለእኔ ያቅለሸልሸኛል፣ ላንቺ ከተስማማሽ ውሰጂው ብላ ሁሉንም ሰጠችኝ። አላህ ይስጣት፣ ወላሂ እንደ እሷ ያለ ሰው የለም።»

ብሩክታይት ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። መድኃኒቱ አልያዘም የተባለው ማን ዋጠውና! እሷ በየማታው ንጹሕ ነው እያለች ስታመሰግንበት የነበረው መዳፍ ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው። እሳቱ ደረጃውን ወርዶ እዚህ ሱቅ ውስጥ በእትዬ ፈዲላ እጅ ላይ ሲነድ ከርሟል።

አፏ እንደለመደው አንድ ውሸት አቀረበላት። «እትዬ ፈዲላ፣ ይህን ከእንግዲህ እንዳይውጡት። ጊዜው አልፎበታል።»

«ውይ! ታዲያ የሺም እንዳትውጠዋ! ከትናንት ወዲያ ራሷ ልትጀምረው ስትል ነበር።» እትዬ ፈዲላ ቆርቆሮውን ይዘው ከባንኮኒው ወጡ። «ነይ፣ አሁኑኑ እንንገራት።»

«የለም፣ እኔ እነግራታለሁ...»

«የመድኃኒት ነገር ቀልድ ነው እንዴ!»

አራተኛ ፎቅ ድረስ ሊፍት የለም። እትዬ ፈዲላ የብረቱን መደገፊያ በተላጠ እጃቸው እየያዙ፣ በተቃጠለ እግራቸው እያነከሱ ወጡ፤ በየደረጃው «ያ ረቢ» ይላሉ። ብሩክታይት ከኋላ ትከተላለች። ጊዜው አልፎበታል ካለች እናቷ ካንሰሩን ይዘው መድኃኒት አልባ ይቀራሉ። አላለፈበትም ካለች እትዬ ፈዲላ መዋጣቸውን ይቀጥላሉ። ለአንዷ የምትዋሸው ሌላዋን ይገድላል፣ ሁለቱ ደግሞ የማይለያዩ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስልኳ ጮኸ፤ ኢያሱ ነበር። አላነሳችውም።

ወይዘሮ የሺመቤት በሩን ሲከፍቱ ቆርቆሮውን አዩና እንደተያዘ ሌባ ፈገግ አሉ። «አወጣሽው አይደል፣ ፈዲላ?»

«እማዬ ተቀመጪ» አለች ብሩክታይት። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ይህ የጨጓራ መድኃኒት አይደለም። የካንሰር መድኃኒት ነው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ወዲያው ወደ ወዳጃቸው ዞሩ። የተላጠውን እጅ አዩ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ውይ ፈዲላዬ! ካንሰር ነው ያለብሽ?»

ብሩክታይት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ የተሰማትን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳችውም። «እሳቸው አይደሉም፣ እማዬ» አለች። «እሳቸው አይደሉም።»

እትዬ ፈዲላ የወዳጃቸውን ጉልበት ያዙ። ወይዘሮ የሺመቤት አልጮኹም፣ አልወደቁም፣ ጋሽ አምላኩ እንደፈሩት ድንጋጤ አልወሰዳቸውም። እንባቸው ግን ወረደ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ።

«ባዮፕሲ ያሉትስ?»

«ካንሰር መሆኑን ለማየት ሥጋ መውሰድ ነው።»

«ጨጓራሽን አጠቡልሽ ብለሽኝ ነበር። ራጁስ?»

«ዕጢው መቀነሱን ለማየት ነው። አልቀነሰም። ስላልዋጥሽው ነው።»

«ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ብለዋል?»

«አዎ። ዕጢው ከቀነሰ።»

«ስለዚህ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት ቀስ ብለው፣ «ያድነኝ የነበረውን መድኃኒት ነው ለፈዲላ እንደ ማስቲካ ያደልኩት። እሷንም አቃጠልኳት። ታውቂኝ የለም እንዴ፣ ልጄ! እኔ ያለኝን ለብቻዬ የምይዝ ሰው ነኝ? የጨጓራ ካልሽኝ ጨጓራው ለታመመ ሁሉ እሰጣለሁ።»

«አስበን ነው፣ እማዬ። እንዳትደነግጪ።»

«እኔ ሳልደነግጥ እንድሞት ነዋ ያሰባችሁት።»

ብሩክታይት አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀች፣ እናቷም ራሷን ዳበሷት፤ «ይሁን» ግን አላሏትም።

በማግስቱ ሦስቱም ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። ብሩክታይት ቀድማ ለዶክተር ገብረኣብ ደውላ የሆነውን ነግራቸዋለች፤ የእትዬ ፈዲላ ደም ይመረመራል፣ ለወይዘሮ የሺመቤትም የሚዋጠው እንደ አዲስ ይሞከር እንደሆነ ይታያል። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ፤ አንደኛው እጅ ተልጧል፣ ሌላው ንጹሕ ነው። ብሩክታይት ከእናቷ አጠገብ ያለውን ወንበር ያዘች። ስትጠራ ምን እንደምትል፣ እንዴት አድርጋ እንደምታስረዳቸው ስታስብ ነው ያደረችው።

በሩ ገርበብ አለ። ዶክተሩ ልማድ ሆኖባቸው «አስታማሚ ብቻ» አሉ።

ብሩክታይት ብድግ አለች። ወይዘሮ የሺመቤት ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት።

«አስታማሚዋ እዚህ ትቆያለች» አሉ። «በሽተኞቹ እንገባለን።»

ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወዳጃቸውን ደግፈው ገቡ። በሩም ተዘጋ። ከውስጥ የዶክተሩ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የእናቷ፣ «ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ ዶክተር፣ ከመጀመሪያው» ሲሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው አልተሰማትም። ብሩክታይት እናቷ ሲጠብቁበት በኖሩት ቦታ ተቀምጣ በሩን እያየች፣ ሲወጡ ምን ይነግሩኝ ይሆን ብላ ጠበቀች።