የአራተኛው ቀን ሙጫ

«እንዲህ ያለውን እጅ አፈር ይብላው?» አሉ ሻለቃው፣ አንዷን ጄት ከመደርደሪያው በሁለት ጣታቸው አንስተው። «የክንፏን ብሎኖች እዩልኝ! ቁልጭ ብለው ይታያሉ እኮ።»

ለቀስተኛው ተንጠራርቶ አየ። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሟቹ ጡረታ የወጣ የጦር ጄት መካኒክ ነበር፣ ሻለቃው ደግሞ የድሮ አለቃው። መደርደሪያው ላይ ሟቹ በእጁ የገጣጠማቸው አሥራ አንድ ትንንሽ የፕላስቲክ ጄቶች ተሰልፈዋል፤ ቁጥራቸው፣ ጭስ ያጠቆረው ጭራቸው ሳይቀር ቁርጥ እውነተኛዎቹን።

«ለክበባችን ይስጡንና ስሙን ጽፈን መስታወት ውስጥ እናኑራቸው። እሺ በሉኝ» ሲሉ፣ የሟቹ ባለቤት አንገቷን ደፋች። ነርስ የሆነችው ልጇ ጥርሷን ነከሰች።

የመጀመሪያዋ ጄት የመጣችው ነርሷ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ አባቷ የእናቷን መንጋጋ በቡጢ ባወለቀ ማግስት ነው። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። የሚገጣጠም ጄት ቁርጥራጭ የታሸገበት ካርቶን ይዞ ገባ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ በምላጭና በወረንጦ ሲጠበብ ሳምንታት ከረመ። ጄት እየሠራ አይማታም። እጁ እንዳይንቀጠቀጥበት ድምፁን እንኳ አያነሳም። ልጅቷም ስትተኛ «አምላኬ፣ ብዙ ቁራጭ ያለው አድርገው» ብላ ትጸልይ ነበር። ይኼም የልጅ ጸሎት ሆኖ!

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ጸሎቱ አልበቃ አላት። ጎማ ሲፈለግ ሰላሙ ይሰነብታል ብላ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጠውን የጄት የፊት ጎማ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀች። አባቷ ሁለት ቀን ፈልጎ በሦስተኛው አገኛት። ቀበቶውን ፈትቶ ሲመጣባት እናቷ መሀል ገባች፤ የቀበቶው ብረት ቅንድቧን ተረተረው። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። በማግስቱ ሌላ ካርቶን መጣ።

ልቡን ከታመመ ወዲህ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ካርቶን እዚያ ቤት አልገባም። እናቷ «አሁንማ በግ ሆኗል» ስትላት አምናት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወንበር ልታመጣ አባቷ የሥራ ክፍል ብትገባ፣ አሥራ ሁለተኛዋ ጄት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላለች። ሁለቱ የሆዷ ግማሾች በሙጫ ተጣብቀው በላስቲክ ታስረዋል። የአባቷ አሠራር ደግሞ ዝንፍ አይልም፤ መጀመሪያ የአብራሪው ወንበር ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ሆዷ የሚዘጋው በአራተኛው ቀን ነው። የሞተው ሐሙስ ነው። እንግዲህ የጀመራት ሰኞ ነው ማለት ነው። እሑድ ደግሞ እናቷ «ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳይጋባብሽ ቅሪ» ብላ ደውላላት ነበር።

እናቷን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባቻት።

«እማዬ፣ እሑድ የት ጋ ነው የመታሽ?»

«ኧረ ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«የት ጋ?»

«ሞቷል እኮ ልጄ። አርባ ዓመት የሸፈንኩትን ዛሬ በሰው ፊት አትግለጪብኝ፣ በሞቴ!»

ሲመለሱ ሻለቃው ጄቶቹን የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ በጋዜጣ መጠቅለል ጀምረዋል። «ዝንብ እንኳ የማይነካ ሰው ነበር» አሉ።

ነርሷ ከእጃቸው መንጭቃ ጄቷን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠቻት። ስባሪው የአንዲት ሴትዮ ጉንጭ ቀደደ።

«ይቺ የእናቴ መንጋጋ ናት!» ሌላዋን ጣለችና በተረከዟ ደፈጠጠቻት። «ይቺ ቅንድቧ! ይቺ የጎድን አጥንቷ!»

ሻለቃው ሊይዟት ሲሉ በክርኗ አፋቸውን አለቻቸው፤ ከነወንበሩ ተዘረሩ። «ያዟት! ሐዘን አሳበዳት!» ተባለ። ሁለት ጎረምሶች እጇን ጠምዝዘው ወለሉ ላይ በፊቷ ደፏት፤ ፕላስቲኩ ከግንባሯ ስር ተንኮሻኮሸ።

ሰው ሁሉ ወደ እናት ዞረ።

«ምን እያለች ነው ልጅዎ?» አሉ ሻለቃው፣ የከንፈራቸውን ደም እየጠረጉ። «ሐዘኑ ነው አይደል? ሐዘን ነው ይበሉን እንጂ።»

እናት ባሏ ከሞተ ወዲህ እንባ ጠብ አላለላትም ነበር፤ አሁን ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ልጄን ልቀቋት» አለች። የጥቁር ቀሚሷን የእጅጌ ቁልፍ ፈታች፤ እጅጌውን እስከ ትከሻዋ ጠቀለለችና በልዞ የጠቆረ ክንዷን ሻለቃው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።